በእድር ድንኳን የተደገሰ ልደት

ረሂማ መጋረጃ ሰፊ ናት። ደብረ ታቦር ውስጥ መስኮቱን ደህና አድርጎ የሸፈነ ሰው ካያችሁ፣ ጨርቁ በእሷ የስፌት መኪና ሥር ያለፈ ነው ብትሉ ብዙ አትሳሳቱም። ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ሱቋ ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ትሰፋለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ምላሷም ከእጇ አያንስም። አንድ ሰውዬ ጨርቅ ለመቆጠብ ብሎ ሲጨቃጨቃት "ጋሼ፣ መጋረጃ ነው ወይስ መሐረብ የፈለጉት?" ብላው ገበያተኛው ሁሉ ስቋል። ፍርሃት ይህችን ሴት ምን እንዳደረጋት ነው የምነግራችሁ።

እኔ ውዴ እባላለሁ፤ የአጥር ጎረቤቷ ነኝ። አጥራችን ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮውም አርጅቶ ተበሳስቷል። እሷ ቤት የሚባለው ሁሉ እኔ ቤት ይሰማል። ወሬኛ የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። ጆሮዬን ሰፍቼ አልዘጋው!

ባሏ ኢልያስ የኢሱዙ ሹፌር ነው። ከዚህ እህል ጭኖ በንፋስ መውጫና በወልድያ አድርጎ ወደ አፋር ይወርዳል፤ ሲቀናው እስከ ጅቡቲ ይዘልቃል። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ለልጁ ለዘምዘም ሲሆን ግን አፉ ይፈታል። ሰኔ ውስጥ ሄዶ እንደ ወጣ ቀረ። መጨረሻ የደወለ ጊዜ "መንገዱ ተዘጋግቷል ይላሉ፤ ቢሆንም ለልደቷ እደርሳለሁ፣ ንገሪያት" ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራ አለ። ኔትወርኩ ራሱ ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሲፈልግ የሚጠፋ ስለሆነ የጠፋው ስልኩ ይሁን ሰውዬው ማን ይንገራት? ሹፌሮች ታገቱ ይባላል፤ መኪና ተቃጠለ ይባላል። ማን አገተ፣ ማን አቃጠለ በሚለው እኔ የለሁበትም። እኔ የማየው ረሂማ ከቀን ወደ ቀን እየከሳች መሄዷን ነው።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተጠራርቶ፣ ተሰብስቦ፣ በር ድረስ መጥቶ ነው የሚያረዳው። እስከዚያ ድረስ ባለቤቱ ቢጠይቅ "ትንሽ አሞታል"፣ "ደህና ነው፣ አይዞሽ" ይባላል። ረሂማ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ወንድሟ አንዋር እብናት ላይ ያረፈ ጊዜ "ትንሽ ትኩሳት ነገር ይዞታል፣ ነይና እዪው" ብለው ነው የወሰዷት። መኪናው እብናት ሲገባ መጀመሪያ ያየችው ድንኳኑን ነው። ከዚያ ወዲህ "ደህና ነው" የሚለው ቃል ለእሷ የሞት ቃል ሆኖ ቀረ። አይዞሽ ያሏት እንደሆነ ፊቷ አመድ ይመስላል።

ስለዚህ ኢልያስ ድምፁ ሲጠፋ ሕግ አወጣችብን። "እማማ ውዴ፣ ሲመጡ ብቻዎን ይምጡ፤ ከሰው ጋር ሆነው አይምጡብኝ" አለችኝ። አንድ እግር ስትሰማ ጎረቤት ነው ብላ ትከፍታለች። ሁለትና ከዚያ በላይ እግር ስትሰማ ግን መርዶ ነው። ማለዳ በሯ ቢመታ አትከፍትም፤ ወተት የምታመጣላት ሴትዮ አንኳኩታ አንኳኩታ ጠርሙሱን አጥር ላይ አንጠልጥላ ትሄዳለች። ይህ ነገር ተላላፊ ነው መሰለኝ፣ እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ በመንገድ የሚያልፈውን እግር ማዳመጥ ጀመርኩ። ወደ እሷ በር የታጠፈ የመሰለኝ ቀን ብድግ ብዬ እቀመጥ ነበር።

እንግዲህ ልደቱ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

እኔ ልደት የሚባል ነገር አልወድም፤ ይታወቅልኝ። የተወለድኩት አንበጣ የገባ ዓመት ነው አሉኝ፤ ከዚያ በላይ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ኖሬ የለም እንዴ? ዘምዘም ግን ስድስት ዓመቷን ልትይዝ ነው፤ የዘንድሮው ልደቴ ባሕር ዳርቻ ላይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። ጣጣው የመጣው ከአባቷ ነው። ከጅቡቲ ባሕሩ አጠገብ ቆሞ የተነሣውን ፎቶ ልኮላት ነበር። ከኋላው ውሃው ሰማያዊ ነው፤ ቅጠላቸው ወደ ታች የተዘናፈለ ረጃጅም ዛፎች አሉ። በስልክ ደግሞ "አንቺን ወደ ባሕሩ መውሰድ ባልችል ለልደትሽ ባሕሩን ቤት አመጣልሻለሁ፤ የዛፉንም ቡናማ፣ ፀጉራም ፍሬ ይዤልሽ እመጣለሁ" ብሏታል። ልጅቷ የእናቷን ስልክ ይዛ ቤት ለቤት እየዞረች "የአባዬ ዛፍ" እያለች ያላሳየችው ሰው የለም።

አንድ ቀን ረሂማ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ።

"ልደቷን ካላደረግኩላት አባቷ የሞተ ይመስላታል" አለችኝ። "ካደረግኩ ደግሞ ሰው ምን ይለኛል? ባሏ የት እንደደረሰ ሳታውቅ ትደግሳለች አይለኝም?"

"ይላል እንጂ! ሌላ ምን ሥራ አለው?" አልኳት።

"ገበያው ከሰማ ደግሞ ሁሉም ይመጣል። ለሁሉም የሚበቃ ከየት አመጣለሁ? እርስዎ እንደሚያዩት ነው፣ መጋረጃ የሚያሰፋ ሰው ጠፍቷል።"

"እና ታዲያ?"

"ለማንም ሳልናገር፣ የአጥር ልጆቹን ብቻ ሰብስቤ አደርገዋለሁ። ሰፈሩ ሳይሰማ ይጀመራል፣ ሳይሰማ ያልቃል።"

ይህ ሳይሰማ ያልቃል የተባለው ነገር ነው ኋላ ጉድ ያደረገን።

ዝግጅቱን ብታዩት ግን፣ እኔ ልደት የማልወደው ሴትዮ፣ ወድጄው ነበር። ሴትዮዋ በባዶ እጇ ባሕር ሠራች። አንድ ሆቴል አዝዞ ሳይወስደው የቀረ ሰማያዊ የመጋረጃ ቁርጥራጭ ነበራት፤ እሱን ገጣጥማ፣ ጠርዙን እያጣጠፈች ሞገድ አስመስላ ሰፋችው። አሸዋው ከአናጢው ቤት በነጻ የመጣ ሰጋቱራ ነው። ልጆቹ ከመንገድ የለቀሙትን ሃይላንድ እየቀደደች ክንፍና ጅራት አውጥታለት ዓሣ አደረገችው። የዛፎቹ ግንድ የጥቅል ጨርቅ የሚመጣበት የካርቶን ዘንግ ነው። ቅጠሉ ደግሞ የእኔ ኮባ ነው። ኮባዬን ያሳደግኩት ለዳቦ ነበር፤ ዘምዘም መጥታ "እማማ ውዴ፣ የአባዬን ዛፍ እርስዎ ጓሮ አየሁት" ስትለኝ ምን ልበላት? ቆርጬ ሰጠኋት። ረሂማ በመቀስ ዳርና ዳሩን ስትሸነሽነው እውነትም ፎቶው ላይ ያለውን መሰለ። ፍሬው ካልኖረ ዛፍ አይደለም ብላ ልጅቷ ስታለቅስ፣ ትንንሽ ቅሎች ቡናማ ክር ጠመጠምንባቸውና ሰቀልናቸው። ያን ፍሬ አንዳችንም በዓይናችን አይተነው አናውቅም፤ ይሁን ብለን ተውነው። ከወረታ የመጣ አንድ ፓፓያ ተገዛ፤ የቀረው ዱባ ነው፣ በስኳር ተቀቅሎ እንደ ፓፓያ የተቆረጠ።

ፊኛ ብቻ የለም። ዘምዘም ፊኛ ስትል ረሂማ "ፊኛ የሚባል ነገር በዚህ ቤት አልሰማም!" ብላ ጮኸችባት። ገብቶኛል። ባለፈው መናኸሪያው አካባቢ የመኪና ጎማ ፈንድቶ ገበያው በአንድ አፍታ ባዶ ሆኗል፤ የሸሸው ሰው ጫማ መሬት ላይ ቀርቶ ነበር። ፊኛ ጓሮ ውስጥ ቢፈነዳ ማን ምን ብሎ እንደሚገባ አይታወቅም። በፊኛ ፋንታ ከብጥስጣሽ ጨርቅ ኳስ እየሰፋች ገመድ ላይ ደረደረች። ማታ ማታ ስትሰፋ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። በመንገድ እግር ባለፈ ቁጥር የስፌት መኪናውን ታቆማለች። እግሩ ሲርቅ ትቀጥላለች። አንድ ቀን ዘምዘም "እማ፣ አባዬ ለልደቴ ይመጣል አይደል?" ብላ ጠየቀቻት። ረሂማ መርፌዬ ወድቆብኛል ብላ ጎንበስ አለችና ብዙ ቆየች። መርፌው ግን እጇ ላይ ነበር።

የቀረው ዝናቡ ነው። የደብረ ታቦር ሐምሌ ልደት አያውቅም። ቤቷ ጠባብ ነው፤ ግቢው ውስጥ ቢደረግ ባሕሩ በአንድ ዝናብ ይፈርሳል። ድንኳን መከራየት ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሰፈሩ በሙሉ ወደ ገባበት እድራችን ሄድን። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ካሳሁን ናቸው፤ ለእድሩ ድንኳን ከልጆቻቸው በላይ የሚሳሱ ሰው ናቸው።

"ለልደት?" አሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው።

"ለአባል ሠርግ በነጻ ይሰጥ የለም እንዴ?" አለች ረሂማ።

"ይሰጣል። ግን ልጄ፣ ሰው ድንኳን ሲያይ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ድሮ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ዞሮ ይናገራል። አሁን በዚህ ጊዜ ማን ጥሩምባ ይነፋል? ሰው የሚያውቀው ድንኳኑን አይቶ ነው። ደግሞ ያንቺ ነገር..."

ቀሪውን ዋጡት። ረሂማ ግን ሰምታዋለች፤ እጇ ነጠላዋን ሲጨብጥ አየሁ።

"በሩ ላይ ዛፉን እናቆማለን" አለች ቶሎ ብላ። "ዛፍና ዓሣ የተሰቀለበት ለቅሶ የት አለ፣ ጋሽ ካሳሁን?"

ሰጡን። አግዳሚ ወንበሮቹንም ጨምረው ሰጡን። እሳቸው እሁድ ጋፋት ዘመድ ጋ ስለሚሄዱ ሰኞ ጠዋት እንድንመልስ አስጠንቅቀው ተለያየን።

እሁድ ጠዋት ድንኳኑ ተተከለ። ግቢው ስላልበቃው ግማሹ ከበሩ ወጥቶ መንገዱ ላይ ተንጣለለ። በሩ ላይ ትልቁን ዛፍ አቆምን፣ ዓሦቹንም ሰቀልንበት፤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እያየ ፈገግ ይል ነበር። እኩለ ቀን ላይ ግን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። ኮባው ተዘነጣጠለ፣ ካርቶኑ ራሰ፣ ዓሦቹ ጭቃ ውስጥ ወደቁ። የተረፈውን ሰብስበን ወደ ውስጥ አስገባን። ከመንገድ የሚታየው የእድሩ ድንኳን ብቻ ቀረ። ይህን ያኔ ማንም ልብ አላለውም፤ ልጆቹ እንዳይበርዳቸው እየተሯሯጥን ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ልጆቹ ተሰበሰቡ። ከአጥር አጥር የመጡ ናቸው፣ የእኔም የልጅ ልጆች አሉበት። ሰጋቱራው ላይ ጫማቸውን አውልቀው ተንከባለሉ። ዘምዘም በኮባ ዘውድ ተሸልማ ከሰማያዊው መጋረጃ ፊት ተቀመጠች። ዘፈኑ በስልክ፣ ድምፁ ተቀንሶ፣ እንዲያው እንደ ሹክሹክታ ነው። ዳቦው መጣ። ረሂማ ቢላውን ለልጅቷ ስትሰጣት ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

"አባዬ ሳይመጣ አልቆርስም።"

"ልጆቹ እርቧቸዋል እኮ፣ የኔ እናት።"

"ይመጣል። ብሏል።"

ረሂማ ቢላውን እንደያዘች ቆመች። አሳዘነችኝ፤ ልጅቷም አናደደችኝ። ተነሥቼ ልቆጣት ስል እግር ሰማሁ። አንድ አይደለም፣ ሁለትም አይደለም። ጭቃውን እየረገጠ በዝግታ የሚመጣ የብዙ ሰው እግር ነው፤ የሰው ንግግር ግን አይሰማም። ረሂማም ሰምታለች። የድንኳኑን አፍ ስታይ ዓይኖቿ ተጎልጉለው ሊወጡ ደረሱ።

የገበያ ሰዎች ናቸው። ከፊት ጨርቅ የምትሸጠው ሰሚራ አለች፤ አጠገቧ ቅመም ነጋዴዋ ገነት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፤ ከኋላ ሌሎች ሴቶች፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ያቀረቀሩ ወንዶች። ድሮ ቢሆን ከመንገዱ ማዶ ጀምረው እያለቀሱ ይመጡ ነበር። አሁን በመንገድ ላይ መጮህ ስለሚያስፈራ ለቅሷቸውን እስከ በሩ ይዘውት ነው የመጡት።

ረሂማ ማን ሞተ አላለችም። "መቼ ነው?" ብቻ አለች።

ይህን ስትሰማ ሰሚራ ራሷን ይዛ "ወይኔ ኢልያስ! ወይኔ ወንድሜ!" ብላ ለቀቀችው። ስም ከተጠራ በኋላ ምን ቀረ? ሌሎቹም ተቀበሏት። ረሂማ ቢላው ከእጇ ወድቆ ሰጋቱራው ላይ በጉልበቷ፣ ቀጥሎ በፊቷ ተደፋች። ልጆቹ በድንጋጤ ጮኹ። እኔም አመንኩ። ሙሉ በሙሉ አምኜ ደረቴን መታሁ፤ ምክንያቱም ይህን ቀን ለሳምንታት አልጋዬ ላይ ሆኜ ስጠብቀው የኖርኩት ነው።

ያን ጊዜ ነው ዘምዘም ከወንበሯ ዘላ የወረደችው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የሰማችው የአባቷን ስም ብቻ ነው።

"አባዬ መጣ እንዴ? የታለ?" አለች፣ በሰዎቹ እግር መሀል እየተሽሎከለከች።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ማንም ሊያያት አልቻለም። ገነት እንባዋን ጠርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ቀብሩ የት ሆነ?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቄ! የሰማችሁት እናንተ!" አልኳት።

"ኧረ እኛ ምንም አልሰማንም። በመንገድ ስናልፍ ድንኳኑን አይተን ነው የተጠራራነው።"

ነገሩ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ እንደ እብድ ሆንኩ። "የልደት ድንኳን ነው!" እያልኩ ጮኽኩ። "ዓይን የላችሁም? ዓሣውን አታዩም? ልደት ነው፣ እናንተ ጉዶች!" አንገታቸውን ቀና አድርገው የተሰቀሉትን ዓሦች፣ የኮባውን ዛፍ፣ ሰማያዊውን መጋረጃ ያኔ ነው ያዩት። አንዱ ሰውዬ ጋቢውን መልሶ መልበስ እንኳ አቅቶት አፉን ከፍቶ ቀረ።

ረሂማን ማሳመን ግን አልተቻለም። ከወደቀችበት አልነሣ አለችን። "ማንም ምንም አልሰማም፣ በስህተት ነው የመጡት" ስላት ራሷን ትነቀንቃለች።

"ለአንዋርም እንዲሁ ነው የተባልኩት" አለች። "ቀስ ብላችሁ ልትነግሩኝ ነው። አውቃችኋለሁ።"

"ልጆቼን ይንሳኝ!" አለች ገነት። ረሂማ አላየቻትም። ሰሚራን ብቻ ነው የምታየው።

"ሰሚራ፣ ወላሂ በይ።"

"ወላሂ!" አለች ሰሚራ፣ አጠገቧ ተንበርክካ። "ወላሂ፣ ወላሂ፣ ምንም አልሰማሁም። ድንኳኑን ነው ያየሁት።"

ያን ጊዜ ቀና ብላ ተቀመጠች። ፀጉሯ ውስጥ ሰጋቱራ አለ። ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከፍርሃት የወጣ ሰው ፊት አልነበራትም፤ የባሰ ነገር ያየች ነው የምትመስለው።

"ድንኳን ስታዩ ወዲያው እሱ ነው አላችሁ" አለች። "ማንኛችሁም ለምን ይሆን ብላችሁ አልጠየቃችሁም። ሁላችሁም ከቀበራችሁት ቆይታችኋል ለካ።"

አግዳሚ ወንበሩን እየጎተቱ ሰዎቹ ተቀመጡ፤ መሄድም ነውር ነው፣ መቆየትም ነውር ነው። ገነት ነጠላዋን ገልብጣ በወጉ ለበሰችና "እንግዲህ ከመጣን አንድ ቁራሽ አትከለክሉንም" አለች። ያን ጊዜ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያለየለት ድምፅ ከሁሉም ወጣ። ልጅቷ አሁንም አልቆርስም አለች፤ ዳቦው እንዳለ ቀረ። ምግብ ግን ሞልቶ ነበር። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይመጣምና እንጀራውንም፣ ወጡንም፣ ንፍሮውንም ተሸክመው ነው የመጡት። ለእንግዳ አይበቃኝም ብላ ስትጨነቅ የነበረችው ሴት ቤት ምግብ ተረፈ። ልጆቹ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው የለቅሶ ንፍሮ ሲቅሙ ሰውነቴን ቀፈፈኝ። ዘምዘም እጇን ስትሰድ ረሂማ ብድግ ብላ ሳህኑን ቀማቻት።

"አንቺ አትበዪም!" አለቻት። "ይህን አንቺ አትበዪም።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "እማማ ውዴ፣ ይህን ድንኳን አሁኑኑ አንሡልኝ፤ እለምንዎታለሁ" አለች። ወንዶቹ ገመዱን ለመፍታት ተነሡ። ውሃ የጠጣ ገመድ እንዲህ በቀላሉ አይፈታም፤ ሲታገሉ ሌላ አልቃሽ እንዳይመጣብን ብዬ በር ልጠብቅ ወጣሁ። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ ሲሉ ደርሼ "ልደት ነው፣ ሂዱ!" ብዬ መለስኳቸው። ያበድኩ ነው የመሰላቸው።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከአጥሩ ሥር ድንጋዩ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ አቀርቅሯል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ጉልበቱ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዟል። በዚህ ጊዜ የማያውቁት ሰው ከበር ፊት ሲቀመጥ ያስፈራል። ቢሆንም ይሄም ለቀስተኛ ነው ብዬ ድፍረት ሰብስቤ ጠጋ አልኩ።

"ወንድሜ፣ ለቅሶ የለም። በስህተት ነው፣ ተመለስ" አልኩት።

ቀና አለ። ጢሙ አድጓል፣ ጉንጩ ገብቷል፤ ኢልያስ ነው። መኪናውን ንፋስ መውጫ ላይ ጥሎ ከዚያ ወዲህ ያለውን አብዛኛውን በእግሩ መምጣቱን ኋላ ነው የነገረን። ያኔ ግን ሰላም እንኳ አላለኝም።

"እማማ ውዴ" አለኝ፣ "ማንኛዋ ናት?"

አልገባኝም። እሱ ግን ዓይኑን ከድንኳኑ አልነቀለም።

"ረሂማ ናት ወይስ ልጅቷ?"

ከአፌ ሌላ ቃል ጠፍቶ "ኧረ ደህና ናቸው! ሁለቱም ደህና ናቸው!" አልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ቃሉን ሲሰማ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፤ ልክ የሚስቱን ፊት አደረገው።

"አንቱም ደህና ናቸው ይሉኛል?" አለ። "ይተዉት። እዚህ የተቀመጥኩት አውቄ ነው። እኔ እስካልገባሁ ድረስ ሁለቱም አሉ።"

ልጎትተው ክንዱን ያዝኩ፤ ከድንጋዩ ጋር የተሰፋ ይመስል አልነቃነቅ አለኝ። ማልኩለት፣ አልሰማኝም። ልደት ነው ብለው ምን ያምነኛል? ከድንኳኑ አፍ ጋቢ የለበሱ ወንዶች ይወጣሉ፣ ይገባሉ፤ ሴቶቹ ዓይናቸው እንዳበጠ ነው። ለማንም ቢሆን ለቅሶ ነው የሚመስለው። ከዚህ በኋላ የኔ ቃል እንደማይበቃ ገባኝ። ወደ በሩ ዞርኩና በመንገድ ላይ ካሰማሁት ብዙ ጊዜ የሆነውን ድምፄን አወጣሁት።

"ዘምዘም!"

"አቤት!" አለች ልጅቷ ከውስጥ፣ ያችው ቀጭን ድምፅ።

ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። ግን አልተነሣም። ትንፋሹን ይዟል። ገና አንዷ ናት።

"ረሂማ!" አልኩ።

ዝም። አግዳሚ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ ከዚያ ያም ጠፋ። በእንዲህ ያለ ጩኸት ስሟ ሲጠራ ለመመለስ እንደምትፈራ ማወቅ ነበረብኝ። ኢልያስ ፌስታሉን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘና ዓይኑን ጨፈነ።

"ረሂማ! ኧረ ረሂማ!"

"አቤት፣ እማማ ውዴ!" አለች በስተመጨረሻ። "ምን ሆኑ? ማን መጣ?"

ያኔ ነው የተነሣው። አጥሩን ተደገፈ፤ ፌስታሉ ውስጥ ያለው ክብ ነገር ሊወድቅ ሲል ያዝኩለት። አይቼው የማላውቀው ፍሬ ነው፤ በእርግጥም ቡናማ ክር የተጠመጠመበት ይመስላል። ልደግፍህ፣ አብረን እንግባ ልለው ነበር። ተውኩት።

"ብቻህን ግባ" አልኩት፣ ፍሬውን እጁ ላይ እያደረግኩ።

እሱ መንገዱን ተሻግሮ በድንኳኑ ሥር ሲያልፍ እኔ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት እግር ስትሰማ ትደነግጣለች።